ከአሮጌ ብረት የሚሠራ ተንቀሳቃሽ የሞርሳ መቆሚያ፦ የብረት አመራረጥ፣ አሠራርና የደኅንነት ጥንቃቄ

ሞርሳ ብረትን ለመቁረጥ፣ ለመሞረድ፣ ለመብሳት ወይም ለማጠፍ አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በወርክሾፕ ውስጥ ሞርሳ ከከባድ የሥራ ጠረጴዛ ጋር ይታሰራል። የራሱ የሥራ ቦታ የሌለውና የበር፣ የመስኮት፣ የአጥር ወይም የውሃ ቱቦ ጥገና ለመሥራት ወደ ደንበኛው ግቢ የሚሄድ ባለሙያ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ብዙዎች ብረቱን በእግራቸው ረግጠው ወይም ረዳት አስይዘው ይቆርጣሉ። ይህ አሠራር ለእጅ፣ ለእግርና ለዓይን ጉዳት ያጋልጣል፤ የሥራውንም ጥራት ይቀንሳል።

ተንቀሳቃሽ የሞርሳ መቆሚያ ይህን ችግር በአነስተኛ ወጪ ያቃልላል። አብዛኛው ክፍሉ ከተሽከርካሪና ከግንባታ ተረፈ ብረት ሊዘጋጅ ይችላል። መቆሚያው ጠቃሚ የሚሆነው ግን ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፦ ብረቱ በሕጋዊ መንገድ የተገኘና ለብየዳ አደገኛ ያልሆነ ሲሆን፣ መቆሚያው በሥራ ላይ የማይገለበጥ ሲሆን፣ እንዲሁም ተፈታትቶ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ሲሆን ነው።

የሚያስፈልጉ ክፍሎች

መቆሚያው የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

• መሠረት፦ ጎማው የወለቀለት ባለ 14 ኢንች የአውቶሞቢል የብረት ቸርኬ፤ ክብደቱ 8 ኪሎ ግራም ያህል ነው።
• እግር፦ ሦስት ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር።
• የእግር ማስገቢያ፦ ባለ 50 በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፤ እግሮቹ በውስጡ ይገባሉ።
• ምሰሶ፦ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2 ተኩል ኢንች የብረት ቱቦ።
• የምሰሶ ማቀፊያ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 3 ኢንች ቱቦ።
• የሞርሳ ማረፊያ፦ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል።
• ማሰሪያ፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከነዳዶአቸውና ከነሮንዴላቸው። እነዚህ አዲስ ሆነው ቢገዙ ይመረጣል፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን በሥራ መካከል ሊለቅ ይችላል።

የብረት አመራረጥ

አሮጌ ብረት በየከተማው ከሚገኙ ጋራዦች፣ ከግንባታ ቦታዎች፣ ከቆራሌዎችና እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ካሉ ገበያዎች ይገኛል። ከግዢ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

የብረቱ ዓይነት። ቸርኬው ማግኔት የሚስብ መሆን አለበት። ማግኔት የማይስበው ቸርኬ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ በተለመደው የብረት ኤሌክትሮድ አይበየድም። የፍሬን ታምቡሮ በክብደቱ ለመሠረትነት ተስማሚ ቢመስልም አብዛኛው ከቀለጠ ብረት የተቀረጸ ነው። እንዲህ ያለው ብረት በተለመደው ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ታምቡሮ መጠቀም የፈለገ ሰው በብሎን ቢያስረው ይሻላል።

ጎማ ያለው ቸርኬ። ጎማ የተገጠመበት ቸርኬ ላይ መበየድ ወይም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። ነፋሱ የወጣለት ቢመስልም በውስጡ የሚፈጠረው ጋዝና ግፊት ጎማውን ሊያፈነዳና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ከወለቀ በኋላ ብቻ ሥራ ይጀመራል።

የታሸጉ ዕቃዎች። አሞርዛተር፣ የነዳጅ ታንክ፣ የዘይት በርሜልና የጋዝ ሲሊንደር ለዚህ ሥራ አይውሉም። አሞርዛተር በውስጡ የታመቀ ዘይት፣ አንዳንዱም ጋዝ አለው። ባዶ የሚመስል የነዳጅ በርሜል ደግሞ በውስጡ በቀረው ትነት ምክንያት ሊፈነዳ ይችላል።

ዚንክ የተቀባ ብረት። የውሃ ቱቦዎችና አንዳንድ አንጎላሬዎች ዝገትን ለመከላከል ዚንክ ይቀባሉ። ሲበየዱ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የማለት፣ የትኩሳትና የራስ ምታት ሕመም ያስከትላል። ሽፋኑ ከብየዳው መስመር በሁለቱም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ መወገድ አለበት፤ ሥራውም ነፋሻ በሆነ ቦታ ይከናወናል። ሽፋኑን በግራይንደር ሲያነሱ የሚወጣው ብናኝም ስለሚጎዳ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ያስፈልጋል። በሙያው ዘንድ ከብየዳ በኋላ ወተት መጠጣት ጭሱን ያረክሳል የሚል ልማድ አለ። ወተት ምግብ እንጂ ለሳንባ መከላከያ አይደለም።

የፍሬን አቧራ። የአሮጌ ተሽከርካሪ የፍሬን ክፍሎች አስቤስቶስ የያዘ አቧራ ሊኖርባቸው ይችላል። በነፋስ መንፋት አይገባም፤ በውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በፕላስቲክ ታስሮ ይወገዳል።

የብረቱ ምንጭ። የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ አንጎላሬ፣ የመንገድ ምልክትና መከላከያ ብረት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን እንዲሁም የባቡር ሐዲድ ክፍሎች የሕዝብ ሀብት ናቸው። የማስተላለፊያ ምሰሶ አንጎላሬ ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተነከረ፣ በእኩል ርቀት የተበሳና ፊደልና ቁጥር የታተመበት በመሆኑ ሊለይ ይችላል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ መሠረት በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ንብረት የገዛ ሰው ተጠያቂ ይሆናል። ስለሆነም ከታወቀ ሻጭ መግዛትና የሻጩን ስም፣ የብረቱን ዓይነትና የተገዛበትን ቀን የያዘ ደረሰኝ መቀበል ገዢውን ይጠብቃል።

መቆሚያው ለምን ይገለበጣል?

በተለምዶ የሚሠራው መቆሚያ ቱቦን በቸርኬ መካከል በይዶ ሞርሳን ከላይ ማሰር ብቻ ነው። ይህ አሠራር በቂ አለመሆኑን ቀላል ስሌት ያሳያል።

12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞርሳ፣ 5 ኪሎ ግራም ላሜራ፣ 6 ኪሎ ግራም ምሰሶ ከነማቀፊያው እና 8 ኪሎ ግራም ቸርኬ በድምሩ 31 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። የቸርኬው ጠርዝ ከመሐሉ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የሞርሳው መንጋጋ ከመሬት 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ 31 በ19 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። ይህም ማለት በመንጋጋው ላይ የ6 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ብቻ መቆሚያውን ከነሞርሳው ይገለብጠዋል። በሰጌቶ ወይም በሞረድ የሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ኃይል በቀላሉ ያሳርፋል።

ሦስት እግሮች ተጨምረው ጫፋቸው ከመሐል 60 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ፣ መቆሚያው የሚገለበጥበት መስመር፣ ማለትም ሁለት የእግር ጫፎችን የሚያገናኘው መስመር፣ ከመሐል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ጠቅላላ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ግራም ያድጋል። በዚህ ጊዜ ለመገልበጥ 12 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በሥራው ቦታ 15 ኪሎ ግራም አሸዋ የያዙ ሁለት ከረጢቶች በቸርኬው ላይ ሲጫኑ ይህ ኃይል ወደ 21 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አሸዋው እዚያው ተሞልቶ እዚያው ስለሚደፋ ባለሙያው ተጨማሪ ሸክም አይሸከምም።

ኃይሉ በአንድ እግር አቅጣጫ ሲያርፍ ደግሞ መቆሚያው በእጥፍ ያህል የበለጠ ይቋቋማል። ሰጌቶና ሞረድ የሚቆርጡት ወደፊት ሲገፉ በመሆኑ አንዱ እግር ከሠራተኛው ፊት ለፊት ወደ ውጭ፣ ሁለቱ ደግሞ በሠራተኛው በኩል ግራና ቀኝ እንዲሆኑ ተደርጎ ይቆማል። ሦስት እግር ያለው መቆሚያ ባልተስተካከለ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ አራት እግር የማይመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ቸርኬው ይታጠባል፤ ብየዳ የሚያርፍበት ቦታ ከቀለም፣ ከዝገትና ከቅባት ይጸዳል።

2. የቸርኬው ዙሪያ በሲባጎ ተለክቶ ለሦስት እኩል ይከፈላል። በምልክቶቹ አንጻር ሦስቱ የእግር ማስገቢያዎች ከቸርኬው ሥር በነጥብ ብየዳ ይያያዛሉ። እኩልነታቸው እንደገና ከተለካ በኋላ ሙሉ ብየዳ ይደረጋል።

3. የምሰሶው ማቀፊያ በቸርኬው መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥታነቱ በሁለት አቅጣጫ በስኳድራ ወይም በውሃ ልክ ይረጋገጣል። ብየዳው በአንድ ወገን በተከታታይ ከተሠራ ብረቱ በሙቀት ወደዚያ ስለሚስብ፣ ተቃራኒ ጎኖች እየተፈራረቁ በአጫጭር መስመር ይበየዳሉ። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 120 አምፔር ተስማሚ ነው።

4. የሞርሳው ማረፊያ ላሜራ ከምሰሶው ጫፍ ጋር ይበየዳል። ከላሜራ ቁርጥራጭ የተዘጋጁ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፎች በላሜራውና በምሰሶው መካከል ይጨመራሉ።

5. ሞርሳው በላሜራው ላይ ተቀምጦ የብሎን ቀዳዳዎቹ ይመለከታሉ፤ ከዚያም በትራፓኖ ይበሳሉ። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከላሜራው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት፤ ረጅም ብረት ቁልቁል ሊያዝ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሞርሳው በብሎን እንጂ በብየዳ አይያያዝም።

6. ከፍታው በሠራተኛው ቁመት ይወሰናል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያጥፍ የመንጋጋው አናት ከክርኑ ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። ማቀፊያውንና ምሰሶውን አንድ ላይ የሚያልፍ 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቶ ብሎን ይገባበታል። በምሰሶው ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ተጨማሪ ቀዳዳ ቢበሳ ቁመታቸው የተለያየ ሠራተኞች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በማቀፊያው ላይ ዳዶ ተበይዶ ከጎን በሚጠብቁ ብሎኖች ይወገዳል።

7. እግሮቹ በማስገቢያዎቹ ውስጥ ገብተው እያንዳንዳቸው በብሎን ይቆለፋሉ። ክፍት ጫፋቸው ይደፈናል፤ ሰው እንዳይደናቀፍባቸውም ቢጫ ቀለም ይቀባል። ቀሪው አካል ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል።

ከመጠቀም በፊት የሚደረግ ፍተሻ

መቆሚያው ተገጣጥሞ አሸዋ ከተጫነበት በኋላ መንጋጋው በስፕሪንግ ሚዛን ወደ ጎን ይሳባል። እስከ 15 ኪሎ ግራም ሲሳብ ማንኛውም እግር ከመሬት ሊነሳ አይገባም። ቀጥሎም የብየዳ መስመሮቹ ስንጥቅ እንደሌላቸው ይታያሉ። ብሎኖች በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መጀመሪያ ይጠብቃሉ። መቆሚያው የመስፍን ሥራ አይተካም፤ በከባድ መዶሻ ለመቀጥቀጥ ወይም ወፍራም ፌሮ ለማጠፍ አይውልም።

በሥራ ወቅት የሚወሰድ ጥንቃቄ

የግራይንደር ዲስክ ላይ የተጻፈው የዙር ብዛት ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። ለምሳሌ ባለ 115 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 13,300 ዙር በደቂቃ ይፈቀድለታል። የማሽኑን ሽፋን አውልቆ ትልቅ ዲስክ መግጠም ለከባድ አደጋ ይዳርጋል። ለብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 የጠቆረ መስታወት ያለው ጭምብል፣ የቆዳ ጓንትና ጫማ ያስፈልጋሉ፤ የፀሐይ መነጽር የብየዳን ጨረር አይከላከልም። በጨረር የተጎዳ ዓይን በጤና ተቋም ሊታይ ይገባል እንጂ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመርበትም። ዝናብ በሚጥልበት ጊዜና በእርጥብ መሬት ላይ መበየድ ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ሲደርስ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሲያስፈልግ ደግሞ በ907 መደወል ይቻላል።

ሙያውን ወደ ሕጋዊ ሥራ ለማሳደግ

በብየዳና በብረታ ብረት ሥራ በልምድ የሠለጠኑ ዜጎች መደበኛ ሥልጠና ባይወስዱም የሙያ ብቃት ምዘና ወስደው የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ሊያገኙ ይችላሉ። በግል ወይም በማኅበር ተደራጅተው መሥራት የሚፈልጉ ደግሞ በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ። ወደ ማዕከሉ ሲሄዱ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ መቅረብ ጉዳዩን ያፋጥናል።

ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ባለሙያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ቁሳቁስ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ የማስገንዘብ ግዴታ አለበት። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ላይ ሊሰማሩ አይችሉም።