መሪ በግራ፦ የጃፓን ስፖርት መኪና በደማምና በኾበር

ደማምና ኾበር ዛሬ በሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች የተያያዙ የሳውዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ አውራጃ ከተሞች ይሁኑ እንጂ፣ በ1923 እ.ኤ.አ. ከባሕሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሣ ሰዎች ሲሰፍሩባቸው የዓሣና የዕንቁ አጥማጆች መንደሮች ነበሩ። መኪና የበረከተባቸው በማርች 1938 ሰባተኛው የደማም ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ካፈለቀ በኋላ ሲሆን፣ ቆፋሪዎቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ መኪኖቹም አብዛኞቹ አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ።

የጃፓን መኪና ወደ አገሪቱ በሰፊው የገባው በ1955 መሠረቱን ጅዳ ያደረገው የአብዱል ለጢፍ ጀሚል ድርጅት የቶዮታን ውክልና ከወሰደ ወዲህ ነው። በ1957 ደግሞ አንድ የጃፓን ኩባንያ በባሕር ላይ ነዳጅ የመፈለግ መብት አግኝቶ በ1960 በዚሁ አውራጃ ጠረፍ በምትገኘው በኸፍጂ አቅራቢያ ነዳጅ አገኘ፤ ከዚህ ነዳጅ ወደ ጃፓን፣ ከጃፓንም መኪና ወደዚህ መመላለሱ እየጠነከረ ሄደ። መጀመሪያ የተወደዱት ላንድ ክሩዘርና የዳትሰን ፒክአፕ፣ ማለትም ለሥራ የሚሆኑት ነበሩ። ስፖርት መኪናው በኋላ የመጣ ነው።

ያገለገለውን ከጃፓን ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ይህን ይወቅ፦ በጃፓን ሻከን የሚባል አስገዳጅ የመኪና ምርመራ አለ፤ አዲስ የግል መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ወጪው ከባድ በመሆኑ ብዙ ባለቤቶች ገና ደህና የሆነውን መኪና ለሐራጅ ያወጡታል፤ ያገለገለ የጃፓን መኪና በዓለም ገበያ የሚትረፈረፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ጃፓን የምትነዳው በግራ መስመር ስለሆነ መሪው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ በ1964፣ ባሕሬን ደግሞ በ1967 ወደ ቀኝ መስመር ሲዛወሩ የገጠማቸውን ጣጣ የሚያስብ አንባቢ የነገሩን ክብደት አይስተውም። በቀኝ መስመር የሚነዳባት ሳውዲ ዓረቢያም መሪው በቀኝ የሆነ መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ያገለገለ የቤት መኪናም ከአምስት ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው በመደበኛው መንገድ አይገባም። በዚህም የተነሣ ከ1989 እስከ 2002 መሪያቸው በቀኝ ብቻ ሆኖ የተሠሩት፣ ወጣቶች የሚያልሙአቸው የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ሦስት ትውልዶች ለደማም ነዋሪ በእጅ የማይገቡ ሆነው ቀርተዋል።

ለገዢው የቀሩት ከፋብሪካ መሪያቸው በግራ ሆኖ የመጡት ናቸው፤ ከእነዚህም የኒሳን 350ዜድና 370ዜድ፣ እንዲሁም በ2007 የወጣው ጂቲ-አር ይጠቀሳሉ። የአካባቢው ነጋዴ እነዚህን በሁለት ይከፍላቸዋል፦ ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት ጠንከር ባለ ራዲያተርና ማቀዝቀዣ የተዘጋጀውን ኸሊጂ፣ ከሌላ ገበያ፣ በተለይም ከአሜሪካ የመጣውን ዋሪድ ይለዋል። ዋሪዱ በዋጋ ቢረክስም አንዳንዱ ከባድ አደጋ ደርሶበት የተጠገነ ስለሚሆን፣ ጠንቃቃ ገዢ ኸሊጂውን መምረጡ ትክክል ነው።

ገዢው ከመግዛቱ በፊት የሚያደርገው ምርመራም የአካባቢውን ጠባይ መከተል አለበት። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ሻንሲውን ከሥር ይበላል፤ የበጋው ሙቀት ደግሞ የውኃ ቱቦዎችንና ጎማን ያደርቃል፣ ስለዚህ ጥርሱ ያልተበላ ጎማ እንኳ በጎኑ በአራት አኃዝ የተጻፈው የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ሳይታይ ሊታመን አይገባም። ተፍሒጥ፣ ማለትም መኪናን በፍጥነት እያንሸራተቱ መጫወት፣ ፍሪሲዮንን፣ ካምቢዮንና ዲፈረንሺያልን ይጎዳል፤ በ2016 በተሻሻለው ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት 20,000 ሪያል የሚያስቀጣውም ሕይወት ስለሚቀጥፍ ነው። በዓረብኛ ሐራጅ በሚባለው የመኪና ገበያ ያብረቀረቀ ቀለም ብቻ አይቶ መግዛት ትልቁ ጥፋት ነው። የሻንሲው ቁጥር በኢስቲማራው፣ ማለትም በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ በ1985 ከተጀመረው ዓመታዊ ምርመራ ማለፉ፣ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ፣ ይረጋገጥ፤ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክም መኪናውን አንሥቶ ከሥር ይየው።

በደማምና በኾበር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መኪናውን ሲገዛ እዚያው ሊነዳውና እዚያው ሊሸጠው አስቦ ይግዛ፤ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች።