የጎጆ ክዳንና የካራቫን ጣሪያ

በግንቦት 1991 (እ.ኤ.አ.) ዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ አመጣ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔ ሽማግሌዎችን የምጠይቀው ስለ ጣሪያ ነው።

የጎንደር ጎጆ ክዳን ወፍራም ሣር ነው። በሣሩ መሃል የተያዘው አየር የቀኑን ፀሐይ ይከላከላል፣ የምድጃውን ሙቀትም ሌሊት ቶሎ አይለቅም። ጭሱ ግን ሾልኮ ይወጣል። ኋላ ቀር የሚባለው ቤት እንግዲህ ይሄ ነው!

እዚህ ብዙዎቹ ካራቫን ገቡ፤ ኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሃማቶስ አንዱ ሰፈር ነበር። መብራትና ቧንቧ አለው፣ እውነት ነው። ጣሪያው ግን ስስ ነው፤ በነሐሴ ያቃጥላል፣ በጥር ማሞቂያ ቢበራም ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ታሪካችን «ከጎጆ ወደ ዘመናዊ ቤት» ተብሎ ሲጻፍ እነዚያ ዓመታት ይዘለላሉ።