«ስኔክ ኢተር» ዳግም ሲሠራ፦ ከ21 ዓመታት በኋላ ወደ ጫካው የተመለሱ ተጫዋቾች ምን ይላሉ?

በቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣ ሥራዎች አንዱ የኾነው «ሜታል ጊር ሶሊድ 3፦ ስኔክ ኢተር» እንደ አዲስ ተሠርቶ ነሐሴ 22/2017 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኦገስት 28/2025) ለዓለም ገበያ ቀርቧል። አዲሱ ሥራ «ሜታል ጊር ሶሊድ ዴልታ፦ ስኔክ ኢተር» ይባላል። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ ቨርቹዎስ ከተባለ አጋሩ ጋር ያዘጋጀው ሲኾን በፕሌይስቴሽን 5፣ በኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እና ኤስ እንዲሁም በኮምፒውተር መጫወት ይቻላል። ኮናሚ ጨዋታው በወጣበት ዕለት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡን አስታውቋል። ተጫዋቾች ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ የቀድሞውን ሥራ እንዳለ ትቶ መልኩን ብቻ ማደስ አክብሮት ነው ወይስ ድፍረት ማጣት?

ኮናሚ በሀገራችን ከተሞች በሚገኙ የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶች የሚታወቀው በአብዛኛው «ፔስ» በተባለው የእግር ኳስ ጨዋታው ነው። «ሜታል ጊር» ግን ከ«ፔስ» የሚቀድም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ በ1987 በሂዴዎ ኮጂማ መሪነት ሲሠራ ይዞት የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ጠላትን ተኩሶ ከመጣል ይልቅ ሳይታዩ ማለፍ። ተጫዋቹ የሚመካው በጥይት ብዛት ሳይኾን በትዕግሥት፣ በመደበቅ እና የጠባቂዎችን አካሄድ በማጥናት ነው። ይህን ዘውግ በዓለም ላይ ካስተዋወቁት ተከታታይ ሥራዎች መካከል ቀዳሚው ኾኖ ቆይቷል። ሦስተኛው «ሜታል ጊር ሶሊድ» እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2004 በአሜሪካ፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ በጃፓን ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ።

ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ በ1964፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። «ኔክድ ስኔክ» የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠው አሜሪካዊ ወታደር አንድ የጦር መሣሪያ ሳይንቲስት ለማስወጣት በሶቪየት ኅብረት ጫካ ውስጥ በፓራሹት ይወርዳል። በዚያም ያሠለጠነችው፣ እንደ እናትም እንደ አለቃም የሚያያት «ዘ ቦስ» ለሶቪየቱ ኮሎኔል ቮልጊን አድራ ያገኛታል። ቮልጊን እርሷ ባመጣችለት አነስተኛ የኑክሌር መሣሪያ የገዛ ሀገሩን የምርምር ተቋም ያጋያል፤ ጥፋቱ ግን በአሜሪካ ላይ ይላከካል። ሁለቱ ኃያላን ወደ ጦርነት እንዳይገቡ አሜሪካ ንጽሕናዋን ማሳየት አለባት፤ ማሳያውም የ«ዘ ቦስ» ሞት ነው። ገዳዩ እንዲኾን የታዘዘው ራሱ ስኔክ ነው። ጨዋታው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ተልዕኮ ይኸው ነው፤ አስተማሪህን ፈልገህ ግደል።

ከቀደሙት ክፍሎች የሚለየው ትልቁ ነገር ሥፍራው ነው። የፊተኞቹ በወታደራዊ ሕንፃዎች እና በኮሪደሮች ውስጥ የሚካሄዱ ሲኾኑ ሦስተኛው ሣር፣ ረግረግ፣ ዋሻ እና ተራራ ውስጥ ገባ። ልብ ወለዳዊው ቦታ «ጸሊኖያርስክ» ይባላል። «ጸሊና» በሩሲያኛ ያልታረሰ ድንግል መሬት ማለት ነው፤ ኒኪታ ክሩሽቼቭ እ.ኤ.አ በ1954 የጀመሩት ሰፊ የእርሻ ዘመቻም የሚታወቀው በዚሁ ቃል ነው። ቦታው ሩሲያ ይባል እንጂ ዘንዶ እና አዞ የሚርመሰመሱበት፣ ለሐሩር ደን የቀረበ ጫካ ነው። ስለ አየር ንብረት እና ስለ እንስሳት ሥርጭት ጥቂት የተማረ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ኾኖም ጨዋታው ጫካውን የሚጠቀምበት መንገድ ከካርታው ስሕተት ይልቅ ትኩረት ይስባል።

በማያ ገጹ ጥግ ላይ አንድ የመቶኛ ቁጥር አለ። ስኔክ የለበሰው ልብስ እና የተቀባው የፊት ቀለም ከተኛበት መሬት ጋር ምን ያህል እንደተመሳሰለ ይናገራል። በሣር ላይ አረንጓዴ፣ በዛፍ ግንድ ላይ ቡናማ፣ በዐለት ላይ ግራጫ መልበስ ያስፈልጋል። ደረቱን ለመሬት ሰጥቶ የማይንቀሳቀስ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይልለታል፤ ጠባቂ በአጠገቡ አልፎ ላያየው ይችላል። የተነሣ፣ የሮጠ ይታያል። አዳኞች እና እረኞች ከጥንት የሚያውቁት ጥበብ ወደ ቁጥር ተቀይሮ የተቀመጠ ያህል ነው።

ምግብ ሌላው ምሰሶ ነው። ስኔክ ስንቅ ይዞ አይሄድም፤ ጉልበቱ ሲደክም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኢላማውም ይስታል። ስለዚህ እባብ፣ እንቁራሪት፣ ዓሣ፣ እንጉዳይ እና የዱር ፍሬ እየለቀመ ይበላል። መርዘኛው ከማይመርዘው አይለይም፤ ለማወቅ በሬዲዮ ሐኪሟን መጠየቅ ወይም ቀምሶ መታመም ነው። ገድሎ ያኖረው ሥጋ ይበላሻል፤ የሚያስገርመውም ጨዋታው የሚቆጥረው እውነተኛውን የቀን መቁጠሪያ መኾኑ ነው። ጨዋታውን አቋርጦ ከቀናት በኋላ የተመለሰ ሰው ሥጋው ሸትቶ ያገኘዋል። በሕይወት ተይዞ በጎጆ የተቀመጠ እንስሳ ግን አይበላሽም። ይህ ሁሉ በጠላት ላይም ይሠራል። የጠባቂዎቹን የእህል መጋዘን ያፈነዳ ተጫዋች ተራቡ ብለው ሲያማርሩ ይሰማል፤ የተበላሸ ሥጋ ቢወረውርላቸው አንሥተው በልተው ይታመማሉ። ስንቅ የተቋረጠበት ሠራዊት ምን እንደሚኾን በዚህ መጠን ያሰበ ሌላ ጨዋታ ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ «ዴልታ» ምን ለወጠ? በመጀመሪያ የሚታየው መልኩ ነው። ሙሉ በሙሉ «አንሪል ኢንጂን 5» በተሰኘ ዘመናዊ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር እንደገና ተሠርቷል። ቅጠሉ በስኔክ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ልብሱ ይቀደዳል። በጥይት ወይም በቢላዋ የቆሰለ ሰውነቱ ጠባሳውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይዘልቃል። ጠባሳው በብዙዎች ዘንድ ተወድዷል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የሠራው ስሕተት በራሱ ስኔክ ገላ ላይ ተጽፎ ስለሚያየው ታሪኩ የእርሱ እንደኾነ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ለውጥ በእጅ ላይ ነው። የ2004ቱ ጨዋታ ካሜራውን ከላይ አድርጎ ስለሚያሳይ ተጫዋቹ ከፊቱ ያለውን ጥቂት እርምጃ ብቻ ያይ ነበር። ኮናሚ ይህን ያስተካከለው ጨዋታው በወጣ በዓመቱ ገደማ፣ «ሰብሲስተንስ» በተባለው እትም ነበር። አሁን ካሜራው ከትከሻ ኋላ ይከተላል፤ ማነጣጠርም ከዚያው ነው። አጎንብሶ መራመድ ተችሏል፤ በመጀመሪያው ሥራ ግን ወይ ቆሞ መሄድ ወይ በደረት መሳብ ነበር። ልብስ ለመቀየር ጨዋታውን አቁሞ ዝርዝር ውስጥ መግባት ቀርቶ በአንድ ቁልፍ ይከናወናል። የድሮውን የፈለገም አልተረሳም፤ «ሌጋሲ» የተባለው አማራጭ የቀድሞውን ካሜራ እና አያያዝ ይመልሳል።

ከዚህ ውጪ ያለው እንደነበር ነው። ድምፆቹ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀረጹት ናቸው፤ ዴቪድ ሄይተር የስኔክን ቃል ሲናገር የሚሰማው የ2004ቱ ድምፁ ነው። የንግግሩ ይዘት፣ የካርታው አቀማመጥ፣ የጠባቂው መቆሚያ ሳይቀር አልተነካም። ኮናሚ «ዴልታ» የሚለውን የግሪክ ፊደል የመረጠው መዋቅሩ ሳይፈርስ የሚመጣ ለውጥን ስለሚያመለክት መኾኑን ገልጿል።

የተጫዋቾች ሐሳብ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በልጅነታቸው የተጫወቱት በአብዛኛው ረክተዋል። የእነርሱ ትልቁ ሥጋት ታሪኩ ይነካል የሚል ነበር፤ ሥጋታቸውም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ በ2004 መጀመሪያ የ1998ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ» «ዘ ትዊን ስኔክስ» በሚል ስም ለኔንቲዶ ጌምኪዩብ ዳግም ተሠርቶ ነበር። አዘጋጆቹ ትዕይንቶቹን በአክሮባት እና በዝላይ ሞሉት፤ በዐይን እይታ ማነጣጠርን ሲጨምሩም ሥፍራዎቹ ለዚያ ስላልተሠሩ ጠላቱ በቀላሉ የሚረግፍ ኾነ። ያ ትዝታ ያላቸው ሰዎች የ«ዴልታን» ጥንቃቄ በምስጋና ተቀብለውታል።

ይሁን እንጂ ያው ችግር በለሰለሰ መልኩ ተመልሷል የሚሉም አሉ። ሥፍራዎቹ የተነደፉት ሩቅ ማየት ለማይችል ሰው ነው። አሁን ግን ተጫዋቹ ሩቅ ያያል፣ አጎንብሶ ይሮጣል፣ በማደንዘዣ ሽጉጥም ራስ ላይ ያነጣጥራል። የጠባቂዎቹ ብልሃት ደግሞ የያኔው ነው። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የችግር ደረጃውን ከፍ አድርጎ መጀመርን ይመክራሉ። ምክሩ ተገቢ ይመስላል። ረሃብ እና መደበቅ ትርጉም የሚኖራቸው መታየት ሲያስፈራ ነው፤ ጠላት የማያስፈራ ከኾነ እባብ መብላት ጨዋታ ብቻ ይኾናል።

ከሁሉም ጠንካራው ወቀሳ ግን የድፍረት ጉዳይ ነው። በ2004 የፕሌይስቴሽን 2 አቅም ስለማይፈቅድ ጫካው በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ማያ ገጹ ይጨልም ነበር። የዛሬው ማሽን ይህን አይፈልግም፤ ክፍፍሉ ግን አለ። ወቀሳ አቅራቢዎቹ የሚያነጻጽሩት ከዚያው ከኮናሚ ሌላ ሥራ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ በ2024 ብሉበር ቲም የተባለው የፖላንድ ኩባንያ ያደሰው «ሳይለንት ሂል 2» የቀድሞውን አስፍቶ እና ቀይሮ ቀርቦ ነበር። በዚህ ላይ ኮጂማ እ.ኤ.አ በ2015 ከኮናሚ ጋር ተለያይተዋል፤ «ዴልታ» ያለ እርሳቸው የተሠራ ነው። አንዳንዶች ይህን ሲያነሡ ደራሲው በሌለበት ቤት ውስጥ ግድግዳ ማፍረስ አይገባም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ደራሲው ቢኖር ኖሮ ራሱ ያፈርሰው ነበር ብለው ይመልሳሉ። ኮጂማ በእያንዳንዱ ክፍል የቀደመውን ልማድ ሲሽሩ ስለኖሩ ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ያም ኾኖ ያልታወቀ እጅ ይህን ታሪክ ቢያሰፋው ምን ይጨምርበት እንደነበር መገመት አይቀልም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ወጣቶች አስተያየት ከዚህ ሁሉ ይለያል። ረጃጅሞቹ ንግግሮች ያሰለቿቸው አሉ። አንድ መሰላል ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ገደማ መፍጀቱ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ዘፈን ብቻ መሰማቱ እንቆቅልሽ የኾነባቸውም አሉ። በአንጻሩ «ዚ ኤንድ» ከተባለው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው አነጣጣሪ ተኳሽ ጋር የሚደረገው ፍልሚያ አዲሶቹንም አስደንቋል። ሽማግሌው በሰፊ ጫካ ውስጥ ተደብቆ ተጫዋቹን ያድናል፤ አንዱ ሌላውን ፍለጋ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ጨዋታውን በፍልሚያው መሐል አስቀምጦ ከሳምንት በኋላ የተመለሰ ሰው ሽማግሌውን በእርጅና ሞቶ ያገኘዋል። ይህ ምሥጢር በ«ዴልታም» ይሠራል።

ሁለቱ ትውልዶች የሚስማሙበት አንድ ቦታ ቢኖር ወንዙ ነው። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ስኔክ በጭጋግ የተሸፈነ ወንዝን ሽቅብ ይሄዳል፤ በመንገዱም ተጫዋቹ እስከዚያ የገደላቸው ወታደሮች ሁሉ መንፈስ ኾነው በየተራ ይመጡበታል። ጉሮሮው የተቆረጠው ጉሮሮውን ይዞ ይመጣል። የወታደር ሬሳ የበላ ጥንብ አንሣ አድኖ የበላ ተጫዋች፣ እበላኸኝ እያለ የሚጮኽ መንፈስ ይገጥመዋል። ማንንም ሳይገድል ለመጣ ሰው ወንዙ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ በዘፈቀደ የገደለ ግን ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል። ጨዋታው እስከዚያች ሰዓት ድረስ መግደልን አልከለከለም፣ አልቀጣም። ሲቆጥር ነበር እንጂ።

ከወንዙ በኋላ ያለውን ዝርዝር ላልተጫወቱት መተው ይሻላል። ይህን ያህል ግን መናገር ይቻላል፤ በነጭ አበባ ማሳ ላይ ከ«ዘ ቦስ» ጋር የሚደረገው ፍልሚያ በ10 ደቂቃ የተገደበ ነው። ሲያበቃም ፊልሙ ብቻውን አይቀጥልም። ምስሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቃታውን መሳብ ያለበት ተጫዋቹ ራሱ ነው። አዲሱ ሥራ ፊቶቹን ይበልጥ ገላጭ ስላደረጋቸው ቅጽበቱን መሸከም ከበፊቱ እንደከበዳቸው የሚናገሩ ነባር ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም።

በቴክኒክ ረገድ የሚነሡ ቅሬታዎችም አሉ። በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ምስሉ በአንዳንድ ሥፍራዎች ይንተፋተፋል፤ በኮምፒውተር ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ60 ምስል እንዳያልፍ ተገድቧል። የ70 ዶላር ዋጋውም ታሪኩ ላልተለወጠ ሥራ በዛ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2025 መጨረሻ «ፎክስ ሀንት» የተባለ በኢንተርኔት የሚካሄድ የመደበቅ እና የመፈለግ ጨዋታ ተጨምሮበታል። የ2004ቱን ሥራ ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር የሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2023 በወጣው «ማስተር ኮሌክሽን» ውስጥ ያገኘዋል። ጨዋታው ጭካኔ ያለበት በመኾኑ በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ከ17 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም።