የሚደነዝዝ እጅና የሰውነት ክብደት

በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቦስተኑ ሐኪም ጄምስ ጃክሰን ፑትናም ስለ 37 ሕመምተኞች ጻፈ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሌሊት እጃቸው እየደነዘዘ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ከአልጋው ወደ ታች ሲያንጠለጥሉት ወይም ሲያራግፉት ይቀልላቸዋል። ፑትናም ምልክቱን አጥርቶ አየ፤ ምክንያቱን ግን የፈለገው ከደም ሥሮች ነው።

መልሱ ያለው የእጅ አንጓው ውስጥ ነበር። በ1913 ፈረንሳውያኑ ፒየር ማሪና ሻርል ፉዋ የአውራ ጣቶቹ ሥር ሥጋ የሟሸሸበትን የአንድ የ80 ዓመት አዛውንት አስከሬን መረመሩ። ከሥሩ አጥንት፣ ከላዩ ወፍራም ጅማት በከበበው ጠባብ መተላለፊያ፣ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። የአዛውንቱ ነርቭ ከመተላለፊያው በላይ አብጦ፣ ወፍራሙ ጅማት ሥር ሲደርስ ቀጥኖ ተገኘ። ጅማቱ በጊዜ ቢቆረጥ ኖሮ ሥጋው ባልሟሸሸ ነበር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ሕክምናው በስፋት የታወቀው ግን ከ1950 ወዲህ፣ የክሊቭላንድ ክሊኒኩ ጆርጅ ፌለን ደጋግሞ ከጻፈበት በኋላ ነው።

ፌለን ሥራን ዋና ምክንያት አድርጎ አልተቀበለም። የኮምፒውተር ዘመን ሲመጣ ግን ጣት ሁሉ ወደ መተየቢያው ተቀሰረ።

ክብደት ወደ ክርክሩ የገባው ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲለካ ነው። በ1992 የፖርትላንዱ የእጅ ቀዶ ሐኪም ፒተር ናታንና ባልደረቦቹ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ውፍረት ከነርቩ መልእክት መዘግየት ጋር እንደሚያያዝ ጻፉ። በ1994 ደግሞ ሮበርት ወርነርና ባልደረቦቹ የ949 ታካሚዎችን ውጤት ከቁመትና ክብደት ስሌት ጋር አመሳከሩ። ስሌታቸው ከ29 በላይ የሆኑት፣ ከ20 በታች ከሆኑት ይልቅ በሽታው የሚገኝባቸው ዕድል 2.5 እጥፍ ያህል ነበር።

ይህ ግኝት ሠራተኛን ለመወንጀያ ሊውል አይገባም። በኃይል መጨበጥ፣ አንድን እንቅስቃሴ ያለ ዕረፍት መደጋገምና የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝ ዛሬም አጋላጭ መሆናቸው በጥናት የተደገፈ ነው። ቀጭን ሰውም ይታመማል፤ እርግዝና፣ ስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ መድከምም መተላለፊያውን ያጣብባሉ ወይም ነርቩን ያዳክማሉ። ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ በመተላለፊያው ውስጥ የሚጠራቀም ስብና ፈሳሽ ግፊቱን ይጨምረዋል ተብሎ ይታሰባል። በ2015 የታተመ፣ 58 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ከልክ ያለፈ ክብደት አደጋውን 1.5 እጥፍ፣ ውፍረት ደግሞ 2 እጥፍ እንደሚያደርሰው አሳይቷል።