አባ ማስያስና የፈንጣጣ ክትባት

በአገራችን የሮማ መምህራን ነገር በተነሣ ጊዜ የሊቃውንቱ አሳብ አስቀድሞ ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ይመለሳል። ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1622 የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ ስለ ገለጡ ወንድም ከወንድሙ ተፋጀ፤ በ1632ም መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የሮማ ካህን ሁሉ ይህ መታሰቢያ በደጅ ቆሞ ይጠብቀው ነበረ።

ከነዚህም አንዱ ጉልየልሞ ማሳያ፥ በአገራችን አጠራር አባ ማስያስ ናቸው። በ1809 በኢጣልያ፥ በፒየሞንቴ ተወልደው የካፑቺን መነኵሴ ሆኑ። በቶሪኖ ከተማ ለሆስፒታል በሽተኞች ቄስ ሆነው ሲያገለግሉም ከሕክምና ጥበብ ጥቂት ቀሰሙ። በ1846 ለኦሮሞ አገር ጳጳስ ተብለው ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ነጋዴ መስለው፥ በሱዳን በኩል ዞረው ጉድሩ የገቡት በ1852 ነው።

የዕለት ኑሯቸው ጸሎትና ቅዳሴ፥ ማስተማርና የአገሩን ቋንቋ ማጥናት ነበረ። ብዙውን ሕዝብ ወደ ደጃቸው ያመጣው ግን ፈንጣጣ ነው። ጦርነት ወገንን ከወገን ሲለይ፥ ፈንጣጣ ሁሉንም ሳይለይ ያጭድ ነበረና፤ ስለ ክትባታቸውም ሕዝቡ «የፈንጣጣ አባት» አላቸው። ከበሽተኛው ቍስል ወስዶ ጤነኛውን መብጣት በአገራችን በአንዳንድ ስፍራ የቈየ ልማድ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። «ከተበ» በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ በአንገት የሚታሰረው ክታብና በክንድ የሚበጣው ክትባት ከአንድ ሥር ወጥተዋል።

በዚያ ዘመን የመድኃኒቱ ዕቃ የሰው ክንድ ነበረ። የተከተበው ልጅ በ8ኛው ቀን ገደማ ክንዱ ሲያብጥና ውሃ ሲቋጥር፥ ከዚያ ተወስዶ ሌላው ይከተባል። ተከታታዩ ሰው ከጠፋ መድኃኒቱም ይጠፋል። ስለዚህ ጦር መጥቶ መንደር ሲበተን የሚበተነው ሰው ብቻ አልነበረም።

ለአባ ማስያስም ዕረፍት አልሆነላቸውም። በ1861 ከከፋ ተባረሩ፤ በ1863 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ተይዘው ተለቀቁ፤ በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳትመው በ1868 ወደ ሸዋ ተመለሱ። ንጉሥ ምኒልክም በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን በ1878 ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ሲታረቁ የሮማ መምህራን መውጣት ከውሉ ስለ ገባ፥ በ1879 ሽማግሌው በ70 ዓመታቸው ከአገር ወጡ። በ1884 ካርዲናል ሆነው በ1889 በኢጣልያ ዐረፉ።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ዐፄ ዮሐንስን ጨካኝ ይላል፤ የሱስንዮስን ዘመን እሳት ግን አያስብም። ሁለተኛው ክትባቱ ማጥመጃ ብቻ ነበረ ይላል፤ በክትባቱ የተረፈውን ሕፃን ግን አይቈጥርም። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር በትምህርት የተለየውን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ አቀረበ፤ የሳምራውያንን ትምህርት ግን ትክክል ነው አላለም። እንዲሁም የትምህርት ስሕተት መድኃኒቱን አያበላሸውም፤ የመድኃኒቱም ደግነት ትምህርቱን አያቀናውም።

ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1976 ነው፤ ከዓለም መጥፋቱም በ1980 ታወጀ። ይህን ሥራ በአገራችን ከሠሩት ቀደምት ሰዎች መካከል አባ ማስያስን መቍጠር ለሮማ ማዳላት አይደለም፤ የእውነትን ዕዳ መክፈል ነው እንጂ።