የቆየ ተሽከርካሪ የማሞቂያ ማራገቢያ ድምፅ ሲያሰማ የሚደረግ ጥንቃቄና ጥገና

ከደጀን በአምበር በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ደጋማ መንገድ፣ በተለይ በክረምት፣ የተሽከርካሪ የፊት መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ይጋረዳል። መስታወቱን የሚያጠራው የማሞቂያው ማራገቢያ የሚገፋው አየር በመሆኑ፣ የማራገቢያው ሞተር ድምፅ ሲያሰማ ችላ ሊባል አይገባም።

የመንኮሻኮሽ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ቅጠል ወይም ሌላ ባዕድ ነገር መግባቱን ያመለክታል፤ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ደግሞ የኩሽኔታ መድረቅን ወይም መበላትን።

ከጥገና በፊት ተሽከርካሪው በሜዳማ ስፍራ ቆሞ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ቁልፉ ይነቀላል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል። ኤርባግ ካለው በአምራቹ መመሪያ የተመለከተውን ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። በብዙ ተሽከርካሪዎች ከዳሽቦርዱ ሥር የሚገኘው ሞተር ሶኬቱ ተነቅሎና ብሎኖቹ ተፈትተው ይወጣል። ቆሻሻው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ የሞተሩን ካርቦን ዘይት ማስነካት ክልክል ነው። ኩሽኔታው ከተበላ ወይም ክንፉ ከተሰነጠቀ ክፍሉ ይለወጣል።

የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ወይም ከፍ ባለ አምፔር መተካት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የመቃጠል ሽታ ከተሰማ ማራገቢያው ወዲያውኑ ጠፍቶ ተሽከርካሪው ለአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ መታየት አለበት። መስታወቱ ሳይጠራ ጉዞ መቀጠል አይገባም።