አቀና

በሐረር ጀጎል ይህ ቃል ከበድ ይላል። ምኒልክ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን «አቀኑ» ሲባል፣ ለአንዱ ማቅናት የሆነው ለሌላው መገበር ነበር። ሥሩ «ቀና» ግን የጎበጠ መስተካከሉን ነው የሚናገረው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ ምዕራፍ 6 በበደል ለተገኘ ወንድም የመረጠው ቃል ይኸው ነው። በግሪኩ ደግሞ በወንጌል የዓሣ አጥማጆቹ መረብ መበጀት የተነገረበት ግስ ነው።

ከመድኃኔ ዓለም ወጥቼ ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር መንገድ ስወርድ ሰፊዎቹን አያለሁ። አንዱ የተተረተረ ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በጣቱ ያገጣጥማል፤ የስፌት መኪናውን መርገጫ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳውን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም።

እኛስ? አንዲት እኅት ስትሰናከል ከቅዳሴ መልስ ገመናዋን ከቡናው ጋር እናዞራለን። ይህ የድል አድራጊ ማቅናት ነው፤ ያማል። የሰማች እንደሆነ ደጀ ሰላሙን ዳግም አትረግጥም።

የንስሐ አባት ግን የሰሙትን በልባቸው ይዘው ቀኖና ይሰጣሉ። (ቀኖና ከ«ቀና» ጋር ቢመሳሰልም ምንጩ ግሪክ ነው፤ መለኪያ ዘንግ ማለት ነው።) ጾሙና ስግደቱ ሲያበቃ ንስሐ የገባው ሰው ወደ ቁርባን ይመለሳል።